ጠጪው በዝቶ ጠጅ ጣዩ እንዳያልቅ

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያና በየተማሪው መኝታ ክፍል የሚሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ለገና ጠጅ ከየት እናግኝ?» ይባላል። አንዱ የሚያውቀውን ጠጅ ቤት ይጠቁማል፤ ሌላው «የዚያ ቤት ጠጅ ስኳር ይበዛበታል፥ በማግሥቱ ራስ ይፈልጣል» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ በዱቤ የሚሰጥ ሰው እንዳለ በጆሮ ሹክ ይላል። «እኔ ራሴ እጥላለሁ» የሚል ሰው ግን ከእኩዮቼ መካከል እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው።

በዓልን በቤት በተሠራ መጠጥ መቀበል የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በአሜሪካ የልደት በዓል ሲደርስ ኤግኖግ የሚባል መጠጥ በየቤቱ ይዘጋጃል። እንቁላል ከስኳር ጋር ተመትቶ ወተትና ክሬም ይጨመርበታል፤ ከዚያም ሮም ወይም ብራንዲ ተደባልቆበት በላዩ ገውዝ ይነሰነስበታል። እነርሱ ከላማቸውና ከዶሮአቸው ያገኙትን ለበዓላቸው አዋሉት። በእኛ ዘንድ ግን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ነውና፥ በሚጾም ቤት ወተትና እንቁላል እየቀመሱ መጠጥ ማዘጋጀት አይቻልም። ማር ግን የጾም ምግብ ነው። እናቶቻችን ጠጁን ሲጥሉ ጣታቸውን ነክረው ቢቀምሱ ጾማቸውን አይገድፉም።

ደግሞም ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ በተሸፈነ ጊዜ ንቦች የሰበሰቡት ማር ከቀፎ የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ ለገና የሚጣለው ጠጅ ከአዲስ ማር የተጣለ ሊሆን ይችላል። በላሊበላም ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት ይከበራሉ። ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቡት፥ እናቱ ንቦቹ ንጉሥነቱን አወቁ ብላ ያን ስም እንዳወጣችለት ሲነገር የኖረ ነው። እንግዲህ ማርና ገና በአገራችን የቆየ ዝምድና አላቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ኮሌጅ ጨርሼ ለማስተማር ወደ ተመደብሁባት ከተማ የሄድሁ ጊዜ የመጀመሪያውን ገና ያሳለፍሁት በኪራይ ቤት ነበር። ባዶ እጄን እንዳልሆን ብዬ ሁለት ጠርሙስ ጠጅ ገዛሁና አከራዬን እማማን ወደ ክፍሌ ጋበዝኋቸው። እርሳቸውም ብርሌውን ተቀብለው መርቀው አንድ ጊዜ ተጐነጩና ቀስ ብለው አስቀመጡት። ሁለተኛ አላነሡትም። «አልጣፈጠዎትም እንዴ እማማ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ጣፍጦአል ልጄ፤ ግን ይህ የማር ልጅ አይደለም» አሉኝ። ውስጤ እፍረት ተሰማኝ። የከፈልሁት ገንዘብ የማር ዋጋ ነበር፤ የቀረበው ግን ብጫ የስኳር ውሃ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት «የተማረ ሰው እንዴት ይህን ያቅተዋል?» ብዬ ራሴ ልጥል ተነሣሁ። የመፍላትን ነገር በኬሚስትሪ ተምሬዋለሁ። ስኳር በእርሾ አማካይነት ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለወጥ ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ስለዚህ ማር ገዛሁ፤ በውሃ በረዝሁት፤ ጌሾ ጨመርሁበት፤ «አየር እንዳይገባበት» ብዬም በትልቅ የመስተዋት ጠርሙስ ከትቼ አፉን በቡሽና በሽቦ ጠርቅሜ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥሁት። በአራተኛው ሌሊት ከሥሬ እንደ ጥይት የሚጮህ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ ወለሉ ማር፥ ግድግዳው ጌሾ ሆኖአል። አከራዬም ዱላ ይዘው ከበሩ ላይ ደረሱ።

«ምን ሆንህ ልጄ፥ ሌባ ነው ወይ?»

«አይደለም እማማ፥ ጠጅ ነው።»

እርሳቸውም ዱላቸውን ተደግፈው እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ፥ «ጠጅማ ይተነፍሳል እንጂ ይታሠራል እንዴ?» አሉኝ። ያ በሰሌዳ ላይ የምጽፈው ጋዝ ከአልጋዬ ሥርም እንደሚወጣ አላሰብሁም ነበር።

በማግሥቱ ወደ ጓዳቸው ጠሩኝና መቀመጫ ሰጡኝ። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እናትህ የሚጥሉት ጠጅ ብጫ ነበር ወይስ ቀላ ያለ? ጌሾውን ያፈሉት ነበር ወይስ በጥሬው ነው የሚጨምሩት? እንዳገርህ እንጥለው ብዬ ነው» አሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ መልስ አልነበረኝም። እናቴ ያረፈችው እኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። በየዓመቱ ለገና ጠጅ ትጥል ነበር። የብርሌውን ቅዝቃዜና የወይራውን ጢስ ሽታ አስታውሳለሁ፤ ጓዳው ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትሠራ መጽሐፌን ይዤ በበሩ ሳልፍ ጀርባዋን አስታውሳለሁ። ስንት ጣሳ ማር በስንት ጣሳ ውሃ እንደምትበርዝ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። እኔ ወንድ ልጅ ስለ ሆንሁ ጓዳ መግባት እንደ ነውር ተቆጥሮብኝ ነበር። እኅቶቼ ለመርዳት ሲጠጉ ደግሞ እርሷው ራሷ «ሂዱ አጥኑ፤ ይህን እኔ እበቃዋለሁ» እያለች ትመልሳቸው ነበር። እኛ እንድንማር ብላ የራሷን ትምህርት ሳታስተምረን ቀረች። መጠኑ በእጇ ነበር፤ እጇም አብሯት ሄደ።

እማማ ዝምታዬን ባዩ ጊዜ ነገሩን ተረዱትና «እንግዲያስ እንደ እኔ አገር እንጥለዋለን» ብለው ማሩን አቀረቡ። እርሳቸው የሚሰፍሩት በእጅና በዓይን ነበር፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ከመጨመራቸው በፊት በመለኪያ እየለካሁ በደብተሬ ጻፍሁት። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ እንዲሉ፥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለሚኖር ሰው በሚስማማ መጠን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

የሚያስፈልገው 2 ሊትር ማር፥ ይኸውም በሚዛን ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ፤ 6 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፤ 200 ግራም ያህል የተከተፈ የጌሾ እንጨት ነው። የጌሾው ቅጠል ይበልጡን ለጠላ፥ እንጨቱ ለጠጅ እንደሚሆን አትርሱ። መፍሊያው ከ10 ሊትር በላይ የሚይዝ እንስራ ቢሆን ይመረጣል፤ ከጠፋ ለምግብ የተሠራ ንጹሕ ጀሪካንም ይሆናል። እንስራው በግራዋ ቅጠል በደንብ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ በወይራ ይታጠናል። ጀሪካኑን ግን በፈላ ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ እርሱን አታጥኑት።

ማሩን ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ጠርቶ የሚያበራውን ብቻ አትፈልጉ። ጠጅ ጣዮች ብዙ ጊዜ የሚወዱት ሰፈፉ ገና ያልወጣለትን ማር ነው። የማሩ ቀለምና ጣዕም እንደ አበባው ይለያያል፤ የትግራይ ማር ነጭነቱ የታወቀ ነው፤ ከብሳና አበባ የሚገኘው ደግሞ ጠቆር ብሎ መረር ይላል። ጠጁም ማሩን ይመስላል።

የመጀመሪያው ቀን ታኅሣሥ 5 ይሁን። ማሩን በውሃው በርዙት፤ ሰፈፉ እስኪለይ ድረስ በንጹሕ እጅ ወይም በእንጨት ማንኪያ አሹት። ከዚያ አፉን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍናችሁ ብርድ በማይነካው ሥፍራ አስቀምጡት። ከሦስት ቀን በኋላ፥ ማለት ታኅሣሥ 8፥ ሰፈፉና አረፋው ከላይ ወጥቶ ታገኙታላችሁ፤ እርሱን ገፍፋችሁ አውጡ። ከብርዙ አንድ ሦስተኛውን ያህል በድስት ቀድታችሁ ከጌሾው ጋር ቀስ ባለ እሳት አፍሉት፤ እጅን የማያቃጥል እስኪሆን ካቀዘቀዛችሁት በኋላ ከነጌሾው ወደ እንስራው መልሱት። ትኩሱን ብትመልሱት እርሾውን ትገድሉታላችሁ።

ከዚህ በኋላ በየቀኑ አንድ ጊዜ አማስሉት። ከሰባት ወይም ከስምንት ቀን በኋላ ቀምሳችሁ ምሬቱ የበቃ ከመሰላችሁ ጌሾውን አውጡ። ሞቃት በሆነ አገር ጠጅ በሳምንት ውስጥ ሊደርስ ይችላል፤ በደጋ አገር በታኅሣሥ ብርድ ግን ከ15 እስከ 20 ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ ታኅሣሥ 5 የጀመረ ሰው ታኅሣሥ 26 ወይም 27 በወፍራም ጨርቅ አጥልሎ፥ አምቡላውን ትቶ፥ ጠርቶ የወጣውን ለበዓሉ ያደርሳል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ሥራውን በአንድ ቀን አስቀድሙት።

እርሾ ሳይጨመርበት እንዴት ይፈላል የሚል ይኖራል። እርሾው በማሩ፥ በጌሾውና በእንስራው ላይ አስቀድሞ አለ። ማር ብቻውን ሲቀመጥ የማይፈላው በውስጡ ያለው ውሃ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ስለማይሞላ፥ በዚያ ወፍራም ጣፋጭ ውስጥ እርሾ መሥራት ስለማይችል ነው። ውሃ ሲጨመርበት ግን ይነሣና ስኳሩን መብላት ይጀምራል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች መፍላት የሕያዋን ረቂቅ ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አስረድቶአል። እናቶቻችን ፍጥረታቱን በስማቸው አይጠሩአቸው እንጂ ብርዱ እንደሚያዘገያቸው፥ እሳቱ እንደሚገድላቸው፥ ቆሻሻ እንስራም ሥራቸውን እንደሚያበላሽ ያውቁ ነበር።

ጌሾውም ለምሬት ብቻ የገባ አይደለም፤ ቢራ ጠማቂዎች ሆፕ የሚባለውን ተክል እንደሚጨምሩ ሁሉ፥ ጠጁን የሚያኮመጥጡትን ረቂቃን ለመግታት ይረዳል። አፉን ስለ መክደን የተማርሁትንም ላካፍላችሁ። በሚፈላበት ጊዜ ጋዙ መውጫ ያስፈልገዋልና በጨርቅ ብቻ ይሸፈን። ፍላቱ ከቆመ በኋላ ደግሞ አየር ሲበዛበት ወደ ኮምጣጤ ይሄዳልና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ያን ጊዜም ቢሆን ጥቂት ፍላት ሊቀረው ስለሚችል በጠርሙስ አፍ ድረስ ሞልታችሁ አትጠርቅሙት። የእኔ ግድግዳ ምስክር ነው።

ስለ መጠኑም አንድ ቃል ልናገር። የቤት ጠጅ ጣፋጭነቱ ያታልላል እንጂ በአልኮሉ ከቢራ በልጦ ወደ ወይን ጠጅ የሚጠጋ ብዙ ነው። በ1826 እ.ኤ.አ. በልደት ዋዜማ በአሜሪካ የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ውስኪ በስውር አስገብተው ያን ቀደም ብዬ ያነሣሁትን ኤግኖግ ሠርተው ከጠጡ በኋላ፥ መስኮትና ዕቃ እስከ መስበር የደረሰ ረብሻ አነሡ፤ ብዙዎችም በጦር ፍርድ ቤት ተከሰሱ። መጠጡን በቤት መሥራት ብቻውን ሰውን ጨዋ አያደርገውም ማለት ነው። ሠርቶ ማቅረብ የሚያስመሰግነው እንግዳው በሰላም መጥቶ በሰላም ሲመለስ ነው።

ለማይጠጣ እንግዳ ደግሞ መላ አለ። ከጌሾው በፊት፥ ማርና ውሃ ብቻ ሳለ ያለው ብርዝ ነው። በዕለቱ በርዛችሁ በዕለቱ አቅርቡት፤ ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብርዝ ይወዳሉ፤ ከፍ ላሉ ልጆችም ይሆናል። ሁለትና ሦስት ቀን ካደረ ግን ብርዝነቱ እያለቀ መፍላት ይጀምራልና «አልኮል የለበትም» ብላችሁ እንዳትሰጡ። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ማር በምንም መልክ እንደማይሰጥ ሐኪሞች አጥብቀው ይመክራሉ።

ከባልደረቦቼ አንዱ ይህን ሁሉ በደብተር ስጽፍ አይቶ «መምህር፥ ደግሞ ወደ ሴት ሥራ ገባህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ገና በሆነ ጊዜ ግን ብርሌውን ለመቀበል ከሁሉ ቀድሞ የመጣው እርሱ ነበር። እኔም ቀዳሁለት። እርሾ የሚበርዘው እጅ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም፤ ለመጠጣት ያላፈረ ሰው ለመጣል የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆኖ፥ ነገ በዓል ነው ሲባል በዱቤ የምንሮጠው ከሦስት ሳምንት በፊት አስበን ስለማናውቅ ነው። ጠጅ ደግሞ አስቀድሞ ላሰበ እንጂ ለሚሮጥ አይደርስም።

የዚያን ዓመት ገና ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የመጀመሪያውን ብርሌ ይዤ ወደ እማማ ገባሁ። እንደ ደንቡም ጥቂት በመዳፌ ላይ አንጠብጥቤ ቀምሼ አሳለፍሁላቸው። ተጐነጩ፤ ብርሌውን አላስቀመጡትም፤ ደግመው ተጐነጩ። «ይኸ የማር ልጅ ነው» አሉ። ደስ አለኝ። ጠጁ በእርግጥ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የእርሳቸው አገር ጠጅ ነበር። የእናቴን ጠጅ አሁን የሚጥል ሰው የለም።

ስለዚህ አንባቢዎቼ ሆይ፥ እናታችሁ በሕይወት ያለች ሁሉ፥ ለበዓል ፈቃድ ወስዳችሁ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከስጦታው ጋር አንድ መለኪያና አንድ ደብተር ያዙ። ጠጁ በተጣለ በማግሥቱ ደርሳችሁ «በሉ ቅዱልን» አትበሉ፤ ከቻላችሁ በሚጣልበት ቀን ተገኙ። «ሂድ አጥና፥ ሂጂ አጥኚ» ብትላችሁ «ይህም ጥናት ነው» በሏት። እፍኟ ስንት ግራም፥ ጣሳዋ ስንት ሊትር እንደሆነ ለኩ፤ ጌሾውን ለምን ያን ቀን እንደምታወጣው ጠይቁ። በሥራ ምክንያት መሄድ ያልቻላችሁም በስልክ ጠይቃችሁ ጻፉ። እንደ እኔ የዘገያችሁ ደግሞ ከአክስት፥ ከእኅት፥ ከጎረቤት ተማሩ፤ የራሳችሁን ባታገኙትም የሌላውን ከመጥፋት ታድናላችሁ።

ማሩ አሁን በገበያ አለ፤ ታኅሣሥ 5ም ሩቅ አይደለም። እንስራችሁን ከወዲሁ እጠቡ። በዓሉን የሰላም፥ የጤናና የፍቅር ያድርግልን፤ ለከርሞውም በሰላም ያድርሰን።